ለትንሽ ጀልባ ሬዲዮ ስንመርጥ

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አላችሁ? የቅዳሜ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን አምስት ስድስት ሜትር የምትሆን ጀልባ አለን። ሳልሞን ለማጥመድም ሆነ ልጆቹን ለማዝናናት ከሲያትል ወደ ፒውጀት ሳውንድ እንወጣለን። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ለሞተሩና ለዓሣ መፈለጊያው ገንዘብ አንሰስትም፤ የሬዲዮ ነገር ሲነሳ ግን «ስልክ አለኝ አይደል» ብለን እናልፈዋለን።

ስልክ የሚደውለው ለአንድ ሰው ነው። የአደጋ ጥሪ በሚተላለፍበት የሬዲዮ ቻናል 16 ላይ የተጣራ ሰው ግን የባህር ጠባቂው ኮስት ጋርድም፣ የሚያልፈው ፌሪም፣ አጠገቡ ዓሣ የሚያጠምደው ጀልባም ይሰማዋል። ቶሎ ሊደርስላችሁ የሚችለውም ይኸው አጠገባችሁ ያለው ነው። ወደ ሳን ሁዋን ደሴቶች ስትጠጉ ደግሞ ስልካችሁ ብዙ ጊዜ የካናዳ ኔትወርክ ይይዛል። ውሃውንም ታውቁታላችሁ፤ በሐምሌ እንኳ ጣት ያደነዝዛል። የደነዘዘና የረጠበ ጣት የስልክ ስክሪን ላይ አይሠራም።

እንግዲህ ሬዲዮ ልትገዙ ወሰናችሁ እንበል። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ዋት ነው። ጀልባው ላይ የሚገጠመው ቋሚ ሬዲዮ 25 ዋት ነው፤ በእጅ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ዋት። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን የጀልባ ሬዲዮ የሚጠቀምበት የቪኤችኤፍ ሞገድ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። የምድር ክብነት ከጋረደው ዋት ብትጨምሩም ብዙ አይረዳም። ወሳኙ የአንቴናው ከፍታ ነው። አንቴናው ከውሃው 2 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ አድማሱ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ተቀምጣችሁ የእጅ ሬዲዮ ደረታችሁ አጠገብ ስትይዙ ግን ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ላይ የሚሰማችሁ ወገን አንቴና ከፍታ ይጨመርበታል። የኮስት ጋርድ «ሬስኪው 21» መረብ አንቴናዎች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተተከሉ፣ ከውሃው በ2 ሜትር ከፍታ በ1 ዋት ብቻ የሚናገርን ሬዲዮ እስከ 37 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲሰሙ ተደርገው ነው የታቀዱት። አንድ ዋት!

ስለዚህ ገንዘባችሁን ከሬዲዮው ይልቅ ለጥሩ አንቴናና ለጥሩ ገመድ አውሉት። ለእኛ ዓይነት ጀልባ 2 ሜትር ተኩል የምትጠጋ ባለ 6 ዲቢ (ዲቢ ሞገዱን የማጠናከር አቅሟ መለኪያ ነው) አንቴና ትበቃለች። ባለ 9 ዲቢው ረጅም አንቴና ሞገዱን ስስ አድርጎ ስለሚያሰራጭ፣ ትንሽ ጀልባ ስትወዛወዝ አንዴ ሰማይ፣ አንዴ ውሃ ይመታል። በየዓመቱ የገመዱን ጫፍ ፍቱና እዩት። መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ጨው ገብቶበታል ማለት ነው፤ ለውጡት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምቆረቆርለት ነገር ልምጣ። አዲስ ቋሚ ሬዲዮ ሁሉ ክዳን ያላት ቀይ ቁልፍ አለችው። ክዳኗን ከፍታችሁ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭናችሁ ስትይዟት፣ ሬዲዮው በቻናል 70 ማንነታችሁንና ያላችሁበትን ቦታ ራሱ ይልካል። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል መናገር አያስፈልግም። ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መሪውን የያዘው ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባው ላይ የሚቀረው ማነው? ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡት እማማ፣ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀይዋን ቁልፍ መጫን ግን እሳቸውም ልጁም ይችላሉ።

ቁልፏ ግን ሁለት ነገር ካልተሟላላት ባዶ ናት። አንደኛው ጂፒኤስ ነው። ኮስት ጋርድ ቦታ የሌለው ጥሪ እንደሚደርሰው ደጋግሞ አሳስቧል። ገመድ ከማገናኘት ጣጣ ለመዳን ጂፒኤስ በውስጡ ያለውን ሞዴል ግዙ። ሁለተኛው ኤምኤምኤስአይ የሚባለው፣ የሬዲዮ መለያችሁ የሆነው ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ነው። ቁጥሩን አውጥታችሁ፣ ከስማችሁና ከቤተሰብ ስልክ ጋር አስመዝግባችሁ፣ ሬዲዮው ውስጥ ታስገባላችሁ። ስታስገቡ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ ማስተካከል አይፈቅዱም። ያገለገለ ጀልባ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ፈትሹ። ውስጡ ያለው የቀድሞው ባለቤት ቁጥር ከሆነ፣ እናንተ ስትሰጥሙ የሚደወለው ለእሱ ቤት ነው።

ቁጥሩን ከየት እናውጣ ለምትሉ፦ እዚሁ አሜሪካ ውሃ ላይ ብቻ የምትቆዩ ከሆነ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር በሆነው በቦት ዩኤስ በኩል በቀላሉ ይገኛል። ከ20 ሜትር በታች የሆነ የመዝናኛ ጀልባ ለቪኤችኤፍ ፈቃድም አያስፈልገውም። ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ደርሰን እንመለሳለን ካላችሁ ግን ከአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ከኤፍሲሲ፣ የጣቢያና የኦፕሬተር ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ቁጥሩም ከዚያው ነው የሚወጣው። ከቦት ዩኤስ የወጣው ቁጥር ወደ ኤፍሲሲው አይዛወርም። ስለዚህ ሬዲዮው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ወስኑ።

ቀይዋ ቁልፍ ከተጫነች በኋላ በቻናል 16 መናገር የሚችል ሰው ካለ ይናገር። እኔ ሬዲዮዬ ሥር በላስቲክ የታሸገች ወረቀት ለጥፌያለሁ። በእኛው ፊደል የተጻፈች ናት፦ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ (የድረሱልኝ ጥሪው ነው)። ዚስ ኢዝ» ይልና የጀልባዋን ስም ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያለንበት ቦታ፣ የገጠመን ነገር፣ የሰዎቹ ብዛት። ባለቤቴ ስትደነግጥ እንግሊዝኛው ይጠፋባታል፤ ፊደሉ ግን አይጠፋባትም። እናንተም ጻፉ፣ ቤት ውስጥም ጮክ ብላችሁ አስነብቡ።

በእጅ የሚያዘውስ? ሁለተኛ ሆኖ ይገዛ። ጀልባዋ ብትገለበጥ ቋሚው ሬዲዮ አብሯት ይሰጥማል። የእጁ ሬዲዮ የሚንሳፈፍ ይሁን፤ ውሃ መቋቋሙም ቢያንስ አይፒኤክስ 7 ይሁን፣ ማለትም 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ግማሽ ሰዓት የሚችል። ተራ የባትሪ ድንጋይም የሚቀበል ካገኛችሁ እሰየው። ቦታው ግን መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ላይፍ ጃኬታችሁ ላይ ነው።

ቻናል 16 ወሬ አይወራበትም። በአማርኛ መጨዋወት ያማራችሁ 68 ወይም 72 ላይ ሂዱ። በጀልባ መተላለፊያው በባላርድ ሎክስ ስታልፉ 13ን ክፈቱ። ትልልቆቹ መርከቦች ከትራፊክ ተቆጣጣሪው ጋር የሚነጋገሩበትን 14ንም አዳምጡ፤ ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከየት እየመጡ እንደሆነ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ሬዲዮው ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ብላችሁ ግን ቀይዋን ቁልፍ እንዳትነኩ።

ሬዲዮአችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡልኝ። ባትሪና ገመድ አዘጋጅቻለሁ፤ አሁን ከሻይ በፊት የእያንዳንዳችሁን ቁጥር ከፍተን እናያለን።