ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ የሙዚቃን ድምፅ ያጠራል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ገመዶች። አንዱ ተራ የኮምፒውተር ገመድ ነው። ሌላው አውራ ጣት የሚያህል፣ በጥቁር ሽርብ የተሸፈነ።]

ሁለቱም ገመዶች ሥራቸው አንድ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት እስከ አምፕሊፋየሩ፣ ማለትም የሙዚቃውን ድምፅ እስከሚያጎላው መሣሪያ ጀርባ ድረስ ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ። ቀጭኑ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተረፈ ነው። ወፍራሙ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ነው፤ የላከችው የጎረቤቴ የእህት ልጅ ናት። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያጠራቀሟቸው ሸክላዎች አሏቸው፤ ማታ ማታ እያወጡ፣ በጨርቅ እየጠረጉ ያዳምጣሉ። ገመዱ በደረሳቸው ማግስት ጠሩኝና፣ «ይህን የቀየረ ሰው የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል ይባላል። አንተ የኤሌክትሪክ ነገር ታውቃለህና እስኪ ንገረኝ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ መስጠት እፈልጋለሁ። በውጭ አገር እንዲህ ያለ አንድ ገመድ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ደግሞ ለሚወደው ነገር ገንዘቡን አይሰስትም፤ ስለዚህ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ማወቅ ይገባዋል።

[ምስል፦ የከፍተኛ ቮልቴጅ ምሰሶዎች፣ ከዚያ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዚያ የግቢ ቆጣሪ።]

ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን መንገድ እንመልከት። ከህዳሴ ግድብ የሚነሳው ኃይል በ500 ሺህ ቮልት መስመር፣ በደዴሳ በኩል አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ እየተቀነሰ፣ እየተቀነሰ ወደ ሰፈር ይገባል፤ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 220 ቮልት አድርጎ ወደ ቆጣሪያችን ይልከዋል። ከቆጣሪው በኋላም በግድግዳው ውስጥ ሃያ ሠላሳ ሜትር ተራ የመዳብ ሽቦ አለ። የጋሼ ገመድ የዚህ ሁሉ መንገድ የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ተኩል ናት።

«የመጨረሻዋ ናት የምትወስነው» የሚሉ አሉ። አምፕሊፋየሩ ምን እንደሚሠራ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

[ምስል፦ ክዳኑ የተነሳ አምፕሊፋየር። ጠቋሚው መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ላይ፣ ቀጥሎ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ያርፋል።]

በዚህ ገመድ ውስጥ ሙዚቃ የለም። ያለው በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ምጣዱም፣ ካውያውም፣ ፍሪጁም የሚጠቀሙት ያንኑ ነው። አምፕሊፋየሩ ይህን ኤሌክትሪክ እንዳለ አይጠቀምበትም። በትራንስፎርመሩ ዝቅ ያደርገዋል፣ በዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረዋል፣ ከዚያ እነዚህ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች ውስጥ ያጠራቅመዋል። ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው ኃይል የሚቀዳው ከካፓሲተሮቹ ነው።

አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ ለመረዳት አይከብድም። ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለው ቤት፣ ኩሽናው ውስጥ ቧንቧ ሲከፈት ውኃው የሚወርደው ከሮቶው ነው። ከመንገድ የሚመጣው መስመር አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይደክማል፤ ሮቶው እስከሞላ ድረስ ዕቃ የሚያጥበው ሰው አያውቀውም። ወደ ሮቶው የሚገባውን የመጨረሻ አንድ ሜትር ቱቦ በብር ብንለብጠው የኩሽናው ውኃ አይጣፍጥም። የአምፕሊፋየሩ ሮቶ ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል።

ቁጥሩን እንየው፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ ከክርክር ይሻላል። አንድ ሜትር ተኩል የሆነው ቀጭኑ ገመድ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ አለው። መሄጃና መመለሻውን ስንደምር ሦስት ሜትር ሽቦ ነው፤ ተቃውሞው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን፣ ወደ 0.07 ኦም ይሆናል። ወፍራሙ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ የእሱ ወደ 0.02 ኦም። አምፕሊፋየሩ አንድ አምፔር ቢስብ፣ በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ቮልት ነው። ከ220 ቮልት ውስጥ ማለት ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው «አምፕሊፋየር እኮ የሚስበው በአጭር በአጭሩ፣ በኤሌክትሪኩ ማዕበል ጫፍ ላይ ብቻ፣ ያኔም አብዝቶ ነው» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል፤ ልክ ነው። እንግዲያው በአምስት እናባዛው። ሩብ ቮልት።

[ምስል፦ መልቲሜትር ሶኬት ላይ ተሰክቶ። ከኩሽና የምጣድ ማብሪያ ድምፅ።]

አሁን ጋሼ ቤት ምጣድ ሲጣድ ያየሁትን ላሳያችሁ። ምጣዱ ከመብራቱ በፊት ሳሎኑ ሶኬት ላይ 218 ቮልት ነበረ። ምጣዱ ሲበራ 209 ሆነ። ዘጠኝ ቮልት ወረደ። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ይህ ይሆናል፤ ጎረቤት ሲጋግርም ይሆናል። ሸክላው እየዞረ ነበር፤ ጋሼም እኔም አጎንብሰን ስናዳምጥ ክራሩ ቅንጣት አልተለወጠም። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተነው ቢሆን ኖሮ አምፕሊፋየሩ ከሙሉ ጉልበቱ ጥቂት ይጎድልበት ነበር፤ ሰው ቤቱ ውስጥ በሚያዳምጥበት መጠን ግን አይታወቅም። ዘጠኝ ቮልት ያልለወጠውን ድምፅ ሩብ ቮልት ይለውጠዋል ብዬ ለጋሼ መናገር አልቻልኩም።

ይሁን እንጂ ጋሼ ልዩነቱን ሰምተዋል። ገመዱን ገና ስንሰካው «ይኸው! ተከፈተ እኮ!» ብለው ብድግ አሉ። አልዋሹም፤ እኔም ራሴ ለአፍታ የሰማሁ መሰለኝ። ያው ቡና በሲኒ ሲቀዳና በፕላስቲክ ኩባያ ሲቀዳ አንድ ዓይነት አይጣፍጥም። ጆሮም ዓይን ካየውና ልብ ከጠበቀው ጋር ነው የሚሰማው። በዚያ ላይ ገመድ ለመቀየር ማጥፋት፣ መንቀል፣ መሰካት፣ ማብራት አለ፤ በዚያ መካከል የቀድሞው ድምፅ ትዝታ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ዓይንን የሚያስቀር ፈተና አደረግን። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ በነጠላ ሸፈንን። የልጅ ልጃቸው ኮሪደር ሄዳ ሳንቲም ትወረውራለች፤ ዘውድ ከወጣ ወፍራሙን፣ ጎፈር ከወጣ ቀጭኑን ትሰካለች። ያው ገመድ ቢደገምም ነቅላ መልሳ ትሰካዋለች፣ ከመንቀሉ ድምፅ እንዳይታወቅ። የድምፅ መጠኑን ማንም አይነካም። አሥራ ሁለት ጊዜ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱን መልስ አስበው ነበር የሚሰጡት።

ሰባቱን አገኙ። ምንም ሳይሰማ በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከአሥራ ሁለት ሰባትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 39 ያህል ነው። አሥር ቢያገኙ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ አሥርና ከዚያ በላይ በግምት የሚገኘው ከመቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ ይህን ቪዲዮ በሌላ መንገድ እሠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ወዳጆች ተሰብስበው በውድ ገመድና በተራ ገመድ መካከል እንዲሁ ዓይን በማይረዳበት ሁኔታ ተፈትነው ነበር። ከ149 መልሶች ትክክል የነበሩት 73 ናቸው። ከግማሽ በታች።

[ምስል፦ የአሜሪካ ሶኬት ራስ፣ ሁለት ጠፍጣፋ እግርና አንድ ድቡልቡል እግር። አጠገቡ ርካሽ መቀየሪያ።]

ገመዱ ድምፁን አልለወጠም፤ አንድ ነገር ግን አበላሽቶ ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ እግሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ የእኛ ግድግዳ ግን ክብ ቀዳዳ ነው። ጋሼ መሐል ላይ ትንሽ መቀየሪያ ገዝተው ሰክተዋል። መቀየሪያው የሚያሳልፈው ሁለቱን እግሮች ብቻ ነው፤ ሦስተኛው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ፣ እዚያው ተቋርጦ ቀርቷል። ቴስተሬን የአምፕሊፋየሩ ብረት ላይ ሳስነካው ደብዘዝ ብላ በራች። የተለመደች ትንሽ ፍሳሽ ናት፣ በራሷ አትገድልም። ነገር ግን አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ያን ብረት ቢነካ፣ ብሬከሩን የሚያስወርድ መንገድ የለም፤ ብረቱ 220 ቮልት እንደያዘ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። የልጅ ልጃቸው ስንት ጊዜ እጇን ከኋላ እንዳስገባች አሰብኩና መቀየሪያውን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብለው የመሬቱን እግር የሚቆርጡ ሰዎችም አሉ። እባካችሁ፣ አታድርጉት።

ስለ ጉርምርምታ ካነሳን፣ የጋሼ ሸክላ ማጫወቻ ለዓመታት እንደ ቀፎ ከስር ያጉረመርም ነበር፤ ጋሼ የሸክላው እርጅና ነው ብለው ተቀብለውት ኖረዋል። ከማጫወቻው የምትወጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለችው ብሎን ጋር መታሰር ነበረባት። ተፈትታ አቧራ ውስጥ ተኝታለች። አሰርኳት። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጋሼ «ጠፋ እንዴ?» ብለው ወደ አምፕሊፋየሩ ዞሩ። ቴሌቪዥንና ዲሽ ከአምፕሊፋየራችሁ ጋር የተያያዘባችሁም፣ የዲሹን ገመድ ለአፍታ ነቅላችሁ ስሙ፤ ጉርምርምታው ከቆመ መንስኤው በዚያ በኩል ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ማብራት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ስፒከሮቹን ደግሞ ከቡፌው ውስጥ አወጣናቸው። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ራቅ ብለው ሲቆሙ የቤዙ ድምፅ መታፈን ለቀቀ፤ ይህንን ከማድ ቤት ሆነው ሲሰሙ የነበሩት ባለቤታቸው እንኳን ሳይነገራቸው አወቁት።

[ምስል፦ ሶኬት በቅርብ። አንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል።]

ገመድ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የላስቲኩ ልብስ ከተሰነጠቀ፣ ሲነካ ድምፁ ከተቆራረጠ፣ ሶኬቱ ውስጥ ከላላ ይቀየር፤ ሦስት እግር ያለው፣ ጠንካራና ተራ የሆነ ገመድ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ለአንድ ሰዓት ሙዚቃ ካዳመጣችሁ በኋላ የሶኬቱን ራስ፣ ላስቲኩን፣ በደረቅ እጅ ዳሰስ አድርጉት። ከሞቀ፣ ወይም ቀዳዳው እንደዚህ ቡናማ ከሆነ፣ ከቆጣሪው ላይ አጥፉና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።