መትከል ሌላ፣ መጽደቅ ሌላ

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አደራችሁ?

ስለ ተራቆተ መሬት እንዳወራ ነው የተጠራሁት። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ሁለቷን ለንስሐ ልውሰዳት።

ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንድ የተራቆተ ተዳፋት ላይ ችግኝ ስናስተክል ከርመን ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ፎቶ በሽ በሽ ነው። የእኔ ድርሻ መቁጠር ነበር፦ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ችግኝ፣ ስንት ሰው። ቁጥሩን አሳምሬ ሪፖርት አደረግኩ፤ ምስጋናም ደረሰኝ። በዓመቱ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ እስቲ ልየው ብዬ ወጣሁ። ብዙዎቹ ደርቀው ነበር ብላችሁ አሳንሼ መናገሬ ነው፤ በሕይወት ያለ ለማግኘት ፍለጋ ነበር የያዝኩት። አንዱን ደረቅ እንጨት ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ። ሥሩ ላይ ችግኙ የፈላበት ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነው። አልተቀደደም። መውጫ ያጣው ሥር እዚያው ውስጥ ዞሮ ዞሮ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልሏል። ቀጥሎ ያለውንም ሳብኩት፤ ያው ነው። ሦስተኛውን አልነካሁትም፣ አፈርኩ። በእኔ ሪፖርት ላይ ግን እነዚህ ሁሉ «ተተክለዋል»።

አማርኛ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ችግኝ ተተከለ እንላለን። ከርሞ ቆሞ ከተገኘ ደግሞ ጸደቀ እንላለን። ለነፍስ የምንጠቀምበትን ቃል ነው ለችግኝም የሰጠነው። መጽደቅ ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ በአንድ ቀን ዘመቻ አይገኝም።

እኔ ከዚያ ተዳፋት ይዤ የወረድኩት አንድ ጥያቄ ነው። መሬት ተራቁቶ ስናይ እጃችን ወዲያው ወደ ችግኝ ይሮጣል። ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄ መሬት ራሱን እንዳያድን ምን ያዘው? ምክንያቱም መሬት ራሱን ማዳን ያውቅበታል። ሰው የተወውን ባዶ ቦታ አስቡት፤ ማንም ሳይተክልበት ሣር ይወርሰዋል፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ከዚያ ዛፍ። አንድ ተዳፋት ለዓመታት እንደተራቆተ ከቀረ የሆነ ነገር ጉሮሮውን አንቆታል ማለት ነው። ልቅ ግጦሽ ይሆናል፣ እሳት ይሆናል፣ መጥረቢያ ይሆናል፣ ወይም ዝናቡ ሳይሰርግ እላዩ ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት እንደ ሸክላ የደረቀ የአፈር ቅርፊት ይሆናል። ያንን ሳያነሱ ችግኝ መደርደር ሚስማሩን ሳይነቅሉ ቁስሉን እንደማሸግ ነው።

ይሄን ነገር ከእኔ በፊት በደንብ የተማረው ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ በሚባል አካባቢ፣ ዛፍ ሲያስተክል ነበር። ይተክላል፣ አብዛኛው ይሞትበታል። እንደገና ይተክላል፣ እንደገና ይሞታል። በ1983 አንድ ቀን ችግኝ ጭኖ ሲሄድ መኪናው አሸዋ እንዳትይዘው የጎማውን አየር ሊቀንስ ወረደ። ዙሪያውን ቢያይ ባዶ ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ አለ። ጠጋ ብሎ የአንዱን ቅጠል ሲያየው ቁጥቋጦ አይደለም። ዛፍ ነው! ተቆርጦ፣ ጉቶው መሬት ውስጥ ቀርቶ፣ በየዓመቱ እያቆጠቆጠ በየዓመቱ የሚጨፈጨፍ ዛፍ። ሜዳው ሙሉ ሥሩ ያልሞተ ጫካ ከአፈር በታች ተኝቷል። ሰውዬው ደግሞ በላዩ ላይ ችግኝ ጭኖ ይመላለሳል።

የተከተለው ሥራ ቀላል ነው፣ ቢላዋ ብቻ ይበቃል። ከአንድ ጉቶ ሃያና ሠላሳ ቀንበጥ ተጨናንቆ ይወጣል። ከነሱ ወፈር፣ ቀጥ ያሉትን ጥቂቶቹን፣ ሦስትም አምስትም፣ ትመርጣላችሁ። ሌላውን ትቆርጡታላችሁ። የቀሩትንም የታችኛውን ቅርንጫፋቸውን ትመለምላላችሁ። አለቀ። ሥሩ ድሮውንም ጥልቅ ስለሆነ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አያስፈልገውም፤ አንድ ችግኝ በዓመቱ ከሚያድገው በላይ እሱ ይመዘዛል። በሃያ ዓመት ገደማ ኒጀር ውስጥ በዚህ መንገድ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት ዛፍ ለበሰ፤ ወደ 200 ሚሊዮን ዛፍ ማለት ነው። ያኔ ያንን ያህል ችግኝ ማን ያፈላ ነበር? በኢትዮጵያም ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት በዋናነት በዚሁ በጉቶ ዘዴ አገግሟል።

ሁሉም በቢላዋ የተፈታ እንዳይመስላችሁ ግን። ኒጀር ውስጥ ከቅኝ ግዛት ዘመን በወረሱት ሕግ ዛፍ ሁሉ የመንግሥት ነበር። በገዛ ማሳው ላይ ያበቀለውን ቅርንጫፍ የቆረጠ ገበሬ ይቀጣል። እና ገበሬው ምን አደረገ? ገና ሳያድግ ነቀለው። ማን ነው በማሳው ላይ የሰው ንብረት የሚያሳድገው? ሕጉ ሲላላና ዛፉ የእኔ ነው ማለት ሲችል ነው ቀንበጡን መጠበቅ የጀመረው። እኔ በበኩሌ ስለ አፈር ከሚጻፈው ሁሉ ይልቅ ይሄ ያሳምነኛል። አንዳንዴ መሬቱን አንቆ የያዘው የወረቀት ቁራጭ ነው።

ቅርፊቱ የደረቀውን መሬትስ? እዚህ ላይ ያኩባ ሳዋዶጎን ላንሳ፤ በ2023 ነው ያረፈው። የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ነው። በ1980ዎቹ ድርቅ ጊዜ ሰው አካባቢውን ጥሎ ሲሰደድ እሱ ቀረና ድንጋይ በሆነ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። ዛይ ይባላል፤ ድሮም የነበረ ዘዴ ነው፣ እሱ አሰፋውና አጠለቀው። የጉድጓዷ አፍ ከስንዝር ትንሽ ይሰፋል፣ ጥልቀቷም ከስንዝር አይበልጥም። ውስጧ ፍግ ይገባል። በበጋ፣ ዝናብ ሳይመጣ ነው ይሄ ሁሉ የሚሠራው፤ ለዚህም ነው ሰው አብዷል ያለው።

አሁን ወደ ጉድጓዷ አጎንብሱልኝ። ፍጉን የሚያሸተው ማን ነው? ምስጥ። እኛ በመድኃኒት የምናሳድደው ምስጥ። ፍጉን ፍለጋ ከታች ይመጣል፣ ሲመጣ ያንን ድንጋይ የሆነ መሬት ይበሳሳዋል። ዝናቡ ሲጥል ውሃው እላዩ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ በምስጡ ቀዳዳ ይሰርጋል። ፍጉ ውስጥ ደግሞ ከብቱ የበላው የዛፍ ዘር አለ፤ ከማሽላው ጋር አብሮ ብቅ ይላል። ሳዋዶጎ አልነቀለውም፣ ጠበቀው። ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ ያለው ጫካ ሆነ። በ2018 እሱም ሪናውዶም ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ፤ ሁለቱም መሬቱ ውስጥ ቀድሞ ያለውን ነገር በመቀስቀስ መሸለማቸው ደስ ይለኛል።

በዚያው አካባቢ የድንጋይ መስመርም ይሠራሉ። ግድብ አይደለም፤ ውሃ በመሃሉ ያልፋል፣ ግን ይዘገያል። ሲዘገይ የያዘውን አፈር፣ ቅጠልና ዘር ጥሎ ይሄዳል። ችግሩ መስመሩ በትክክል እኩል ከፍታ ያለውን ቦታ መከተል አለበት፤ ትንሽ ካዘነበለ ውሃውን ወደ አንድ ጥግ ይነዳውና ቦረቦር ይወልዳል። ለዚህ መሐንዲስ አላመጡም። ውሃ የሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ሁለት እንጨት ላይ ያስራሉ፣ ሁለት ሰው ይይዛል፣ በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል የቆመበትን ቦታ ምልክት ያደርጋሉ። በቃ። ተሰባብረው ያየኋቸው ብዙ እርከኖች ይቺ ቱቦ ብትኖር አይሰበሩም ነበር።

ትልልቅ ሥራስ አይሠራም ወይ ትሉኛላችሁ። ይሠራል። ቻይና ውስጥ ሎስ ፕላቶ የሚባል ደጋማ አምባ አለ፤ ቢጫ ወንዝ ስሙን ያገኘው ከዚያ ጠርጎ ከሚወስደው አፈር ነው። ከ1994 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ትልቅ የተፋሰስ ሥራ ተሠራ። ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ ማረስ ቀረ፣ ፍየልና በግ ልቅ መሰማራታቸው ቀረ፣ እርከን ተሠራ። ፎቶውን ያየ ሰው ያው ቦታ ነው ብሎ አያምንም። ግን በ2016 የወጣ ጥናት ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። አምባው የለበሰው አረንጓዴ የሚጠጣው ውሃ ወደ ጣሪያው ተጠግቷል፤ ከዚህ በላይ ቢጨመርበት ለሰው የሚተርፈው ውሃ ያንሳል። ዛፍ ይጠጣል። ይሄን የምንረሳ ብዙ ነን።

እሱስ ባልከፋ። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ አስቡት። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላዎች ተተከለ። ጸደቀ፣ ያውም ከሚገባው በላይ! ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በፋንድያው ይዘራል፤ ግጦሹን ውጦ፣ ሣሩን አጥፍቶ፣ ዛሬ አርብቶ አደሩ በእሾህ ግድግዳ ተከብቧል። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም የሚባለው ለዚህ ዛፍ ሳይሆን አይቀርም። ከጥንትም ሣር የነበረ ምድር ደግሞ ዛፍ ስላልያዘ ተራቁቷል አይባልም። እሱን ጫካ ለማድረግ መታገል ማዳን አይደለም፣ ሌላ ማበላሸት ነው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ የምወዳት ታሪክ አለችኝ። ኮስታ ሪካ ውስጥ ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች አንድ የጭማቂ ፋብሪካ አግባቡ። በደን የተሸፈነ መሬታችሁን ለጎረቤታችሁ ብሔራዊ ፓርክ ስጡ፣ በምትኩ የብርቱካን ልጣጫችሁን በፓርኩ ውስጥ ባለ የተራቆተ ግጦሽ ላይ ድፉት። ወደ 12,000 ቶን ልጣጭ ሦስት ሄክታር ላይ ተደፋ። ሌላ ተፎካካሪ ፋብሪካ ፓርኩን ቆሻሻ መጣያ አደረጉት ብሎ ከሰሰ፣ አሸነፈም፤ ሥራው ቆመ፣ ልጣጩም ተረሳ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ2013 አንድ ወጣት ተመራማሪ ቦታውን ሊያይ ሄደ። አጣው። ምልክት እንዲሆን የቆመውን ትልቅ ሰሌዳ ሐረግ ውጦታል። ሲለካው ከመሬት በላይ ያለው የእንጨትና የቅጠል ክብደት ልጣጭ ካልተደፋበት አጠገቡ ካለው መሬት በ176 በመቶ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ልጣጩ ቦታውን የያዘውን መጤ ሣር አፍኖታል፣ አፈሩንም አብልቶታል። አንድ ችግኝ አልተተከለም። ልጣጭ እየዞራችሁ ድፉ ማለቴ አይደለም ደግሞ፤ የሰፈር ሰው ይጣላኛል። እዚያ መሬቱን አንቆ የያዘው ሣሩና የደኸየው አፈር ነበር፣ ልጣጩ ሁለቱንም አገኛቸው።

መተከል ያለበት ቦታ የለም እያልኩም አይደለም። ጉቶውም ዘሩም ከጠፋ፣ ዘር የሚያመጣ ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ በአካባቢው ከሌለ እንተክላለን። አገር በቀሉን፣ ከዝናቡ ጋር፣ ከንክኪ ነጻ በሆነ ቦታ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብን ብቻ።

በሉ እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት ወደ ተዳፋቱ ለምትመጡ። ችግኝ አላዘዝንም፣ ቅር እንዳይላችሁ። ፎቶ የሚያነሳም የለም። መጀመሪያ ዝም ብለን እንዞራለን፤ ጉቶ ያየ ምልክት ያድርግ፣ የከብት ዱካ ያየ ከየት እንደመጣ ይከተለው፣ ውሃ የሄደበትን መንገድ ያየ ይጥራኝ። ጓንት፣ ቢላዋና ረዘም ያለ ግልጽ ቱቦ ያለው ይዞ ይምጣ። በዓመቱ በዚህችው ቀን እንመለስና በሕይወት ያለውን እንቆጥራለን፤ ሪፖርት የምጽፈው ያኔ ነው። ጥቁር ላስቲክ ግን እዚያ ተራራ ላይ እንዳላይ!

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። እሺ፣ እዚያ ከኋላ፣ እርስዎ።