ክፍያው ከዘር በፊት ይድረስልን

የተከበራችሁ የወረዳችን ምክር ቤት አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

የቆምኩት ስለ ሴፍቲኔት ክፍያ፣ የተቸገሩ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ የልማት ሥራ ሠርተው ስለሚያገኙት ገንዘብ ልናገር ነው። በቀበሌያችን የይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ውስጥ ስሠራ፣ «ስሜ ለምን ከመዝገብ ቀረ?» ብሎ ከሚመጣው ሰው ይልቅ «ገንዘቡ መቼ ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ይበዛል። ለመጀመሪያው መዝገብ ገልጬ እመልሳለሁ። ለሁለተኛው ግን መልስ የለኝም።

መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ድርቅ በመጣ ቁጥር እርዳታ ከመለመን፣ አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ ይሻላል ተብሎ ነው። የተቸገረው አርሶ አደር እንዳይራብ ብቻ አይደለም፤ ለዕለት ጉርሱ ብሎ በሬውንና ፍየሉን እንዳይሸጥ፣ ለዘር ያስቀመጠውን እንዳይበላ፣ ጥሪቱ እንዲቆይለት ጭምር ነው። ክፍያው ከዘገየ ሆድ እንደምንም ይሞላ ይሆናል፤ ጥሪቱ ግን ሄዷል።

እኛ በበኩላችን ቀን አናሳልፍም። በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን እየተቆጠረ ድንጋይ ተሸክመናል፣ እርከን ክበናል፣ ቦረቦሩን ደፍነናል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ራቁት ገደል ዛሬ ሣር ለብሷል፤ ከሥሩም ውኃ መፍለቅ ጀምሯል። ገንዘቡን ምጽዋት የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ያንን ተራራ ወጥቶ ይመልከት።

አምና ግንቦት አንዲት እናት ቤቴ መጡ። ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ፈትተው ዘረጉልኝ፤ የሠሩበት ወር ሁሉ ተሞልቷል፣ የተከፈለበት ቦታ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲቷን የምትታለብ ፍየላቸውን ገበያ አወጧት። ገንዘቡ ሐምሌ ላይ፣ እርሻው ካለፈ በኋላ መጣ። ተቆጥሮ ሲሰጣቸው አንድ ብር አልጎደለም። ነገር ግን በዚያ ብር ያችን ፍየል መልሰው መግዛት አልቻሉም፤ የጤፍ ዘሩንም በወለድ ተበድረው ዘርተው ነበር። ለልጅ ልጃቸው የምትሆን አንድ ኩባያ ወተት ከዚያ ቤት የጠፋችው እንዲህ ነው።

የሰው ስም እየጠራሁ ለመክሰስ አልመጣሁም። የሥራ ቀን መዝገቡ ከቀበሌ ዘግይቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ያ የእኛ ጥፋት ነው፣ እናርመዋለን። ከቀበሌ በጊዜው የወጣው መዝገብ ግን ወረዳ ደርሶ ፊርማ ሲጠብቅ ሳምንታት ማደሩ መቆም አለበት። ክፍያ የሚዘገይ ከሆነም ይነገረን። ሰው እውነቱን ካወቀ ይመካከራል፣ ከዘመድ ይበደራል፤ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እየተባለ የሚጠብቅ ግን መጨረሻ ላይ ከብቱን ይሸጣል።

ደግሞ የአዛውንቶቹና የአካል ጉዳተኞቹ ነገር አለ። ሥራ የማይጠበቅባቸው፣ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚያገኙት ናቸው። በምርኩዝ ተራራ ወርደው ክፍያ ጣቢያ ይደርሳሉ፤ «ዛሬ የለም» ሲባሉ በሰው በረንዳ ያድራሉ። ለእነርሱ ክፍያው ወደየቀበሌያቸው ይሂድላቸው።

የዘንድሮው ሥራ ከተጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። የየወሩ የክፍያ ቀን ተቆርጦ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፤ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ። ከምክር ቤቱ የምጠይቀው ይህንን ነው። እኚያ እናት ቤታቸው ከመንገዴ ላይ ነው፤ ማታ ስመለስ ደጃፍ ወጥተው ቀኑን ይጠይቁኛል።

አመሰግናለሁ።