አንዴ ተተክሎ ስምንት ጊዜ የታጨደ ሩዝ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ በተለይም ከፎገራና ከሊቦ ከምከም ሥራችሁን ትታችሁ እዚህ ባሕር ዳር ድረስ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝኩት በእስያ ዩኒቨርሲቲዎች ስለተገኙ የቅርብ ጊዜ የምርምር ውጤቶች እንድናገር ነው። እስያ ሰፊ ናት። በየሳምንቱ የሚወጣውን ጥናት ሁሉ ልዘርዝር ብል እስከ ማታ አልጨርስም፤ እናንተም አትታገሡኝም። ስለዚህ ጥቂቶቹን መርጫለሁ፤ ከጥቂቶቹም አንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። ምክንያቱም የዚያ ምርምር ታሪክ ከእናንተ ማሳ ድረስ ይደርሳል።

ከልጅነቴ አብልጬ የማስታውሰው የእናቴን ጀርባ ነው። ክረምት ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገብታ፣ ውኃው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ደርሶ፣ ጎንበስ ብላ ስታርም ትውላለች። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ነበር የምትራመደው። በዓመቱ ያው መሬት እንደገና ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታረማል። እዚህ ካላችሁ እናቶች መካከል ስንቶቻችሁ በዚያው ወገብ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ የሆነችው ለዚህ ነው።

ጥናቱን ያወጣው የዩናን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩናን በደቡብ ምዕራብ ቻይና ያለች ተራራማ ክፍለ ሀገር ናት። ዋና ከተማዋ ኩንሚንግ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እኛ አሁን የተቀመጥንበት ቦታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የዩናን ገበሬ በየተዳፋቱ እርከን ሠርቶ ሩዝ ያመርታል። መሬቱ በየወቅቱ ሲገለበጥ አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ማሳው በሽማግሌዎችና በሴቶች ትከሻ ላይ ይቀራል። በፕሮፌሰር ሁ ፌንግዪ የሚመራው ቡድን የያዘው ጥያቄ ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው፦ ሩዝን እንደ ጌሾ፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ፣ ሲቆርጡት ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ማድረግ ይቻላል ወይ?

የተለመደው ሩዝ ከታጨደ በኋላ ትንሽ ማቆጥቆጡ አይቀርም። ታውቁታላችሁ። ግን ያ ቀንበጥ ደካማ ነው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ተስፋ አይጣልበትም። ብርቱ ሥር ያለው ዘመድ መፈለግ ነበረባቸው። ዘመዱን ያገኙት በእስያ አይደለም፤ በአፍሪካ ነው። ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ የሚባለው የዱር ሩዝ በአህጉራችን ረግረጎች ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው፤ በኢትዮጵያም ይገኛል። ከመሬት ሥር እንደ ሰርዶ እየተሳበ ይሄዳል፤ ከዚህ ቢነቅሉት ከዚያ ብቅ ይላል። ፍሬው ሳይታጨድ ይረግፋል፤ ምርቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ገበሬው የሚያውቀው በአስቸጋሪ አረምነቱ ነው።

ያንን የአፍሪካ አረም ከታይላንድ ከመጣ የእርሻ ሩዝ ጋር አዳቀሉት። ሁለቱ ዝርያዎች በቀላሉ አይጋቡም፤ ዘሩ ገና ፅንስ እያለ ይሞታል። ስለዚህ ፅንሱን ከፍሬው ውስጥ በጥንቃቄ አውጥተው በቤተ ሙከራ መገቡት፣ አሳደጉት። ይህ የሆነው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የምንፈልገውን ጠባይ የያዘው አንዱ ተክል ነው ብለው ከዚያ ተነሡ። ልጆቹን እርስ በርስና ከእርሻ ሩዝ ጋር እያዳቀሉ፣ በየወቅቱ ሺህ ተክል ዘርተው ጥቂቱን እያስቀሩ፣ ፒአር 23 የተባለው ዝርያ ለገበሬ የተለቀቀው በ2018 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ማለት ነው። ተማሪዎች፣ ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ውጤቱ ምን ሆነ? አንዴ የተተከለ ሩዝ በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ታጨደ። በእያንዳንዱ አጨዳ በአማካይ ከሄክታር 68 ኩንታል ሰጠ። ከጎኑ በየወቅቱ እንደ አዲስ እየታረሰ የተተከለው ሩዝ የሰጠው 67 ኩንታል ነው። ምርቱ እኩል ነው እንበል፤ ልዩነቱ ያለው ድካሙ ላይ ነው። ሩዙ ከሥሩ መልሶ በሚያቆጠቁጥባቸው ወቅቶች ማረስ የለም፣ ችግኝ ማፍላት የለም፣ መትከል የለም። ጥናቱ እንደለካው የጉልበት ድካሙ በ58 በመቶ፣ ወጪው በ49 በመቶ ቀነሰ። መሬቱ ሳይገለበጥ ስለቆየም በየዓመቱ በሄክታር አንድ ቶን የሚጠጋ ካርቦን አከማቸ፤ ውኃ የመያዝ አቅሙም ጨመረ። በ2021 በደቡብ ቻይና ከ44 ሺህ የሚበልጡ አነስተኛ ገበሬዎች በ15 ሺህ ሄክታር ላይ ዘርተውታል።

እንከን የለውም ብዬ ልሸጥላችሁ አልመጣሁም። ከአራት ዓመት በኋላ ምርቱ ይወርዳል፤ ያኔ መሬቱ ታርሶ እንደገና መተከል አለበት። ውርጭ አይችልም። መሬቱ ስለማይገለበጥ አረም የመበርታት ዕድል ያገኛል፤ እናቴን ሙሉ በሙሉ ከአረም አያወጣትም ነበር። ተባይና በሽታም ከወቅት ወደ ወቅት የሚሸጋገርበት ቤት ያገኛል፤ ይህ በእኛ የአየር ጠባይ ተፈትሾ መታየት ያለበት ነው። ዩጋንዳ ውስጥ ተሞክሯል። ፎገራ ላይ ቢሞከር እንዴት እንደሚሆን የሚነግረን ፎገራ ላይ የሚደረግ ሙከራ ብቻ ነው፤ የዩናን ወረቀት አይነግረንም።

አሁን ወደ ሃያው ዓመት ልመለስ። በፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋምም በ1990ዎቹ ይህንኑ ሥራ ይዞት ነበር። ታላቅ ተቋም ነው፤ ባለሙያ ሞልቶታል። ነገር ግን በ2001 ገደማ በጀት አጠረና ሥራው ቆመ። የዩናን ሰዎች አላቆሙም። ብዙ ተቋማት የጀመሩትን በሦስት ዓመት ውስጥ ውጤት ካላዩ ያቆማሉ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ለዓመታት መልስ ያልሰጣቸውን ማሳ በየወቅቱ እየተመላለሱ አዩት። እኔ የማደንቃቸው ከዝርያው ይልቅ በዚህ ነው።

ይህ ጽናት በሌላም ቦታ ይታያል። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ዮግያካርታ የምትባል ከተማ አለች፤ ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። ከተማዋ በደንጊ ትኩሳት ስትሠቃይ የኖረች ናት። ወልባኪያ የምትባል ባክቴሪያ ከነፍሳት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ውስጥ በተፈጥሮ ትኖራለች፤ ደንጊን በምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕታይ በተባለችው ትንኝ ውስጥ ግን የለችም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አስገቧት። ባክቴሪያዋ ያለችባት ትንኝ ውስጥ የደንጊ ቫይረስ እንደ ልቡ አይራባም፤ እናት ትንኝም ባክቴሪያዋን በእንቁላሏ ለልጆቿ ታወርሳለች። በቤተ ሙከራ የታየው ይህ ነው። በሰው መንደር ይሠራል ወይ የሚለውን ግን ሄዶ መጠየቅ ነበረበት።

ፕሮፌሰር አዲ ኡታሪኒና ባልደረቦቿ የገጠማቸውን አስቡት። ትንኝ ግደሉ ሲባል የኖረን ሕዝብ «ትንኝ ልንለቅባችሁ እንፈልጋለን፣ ትፈቅዳላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ሥራው በ2011 ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ትንኞች የተለቀቁት በ2014 ነው። በመካከል ያለው ጊዜ የትንኞቹን ደኅንነት በማጣራት፣ ቤት ለቤት በመዞርና ከየሰፈሩ ሽማግሌ ጋር በመቀመጥ ያለፈ ነው። ኋላ ላይ ነዋሪው ራሱ የትንኝ እንቁላል ያለበትን ትንሽ ባልዲ ተቀብሎ በግቢው አስቀመጠ። ከዚያ ከተማዋን በ24 ክፍል ከፈሏት፤ በዕጣ 12ቱ ውስጥ ለቀቁ፣ 12ቱን እንዳሉ ተዉ። በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ትንኞቹ በተለቀቁባቸው ሰፈሮች በደንጊ የሚያዘው ሰው በ77 በመቶ ቀንሶ ነበር። በደንጊ ምክንያት ሆስፒታል የሚተኛው ደግሞ በ86 በመቶ።

የጤና ተማሪዎች ይህን ለምን እንዳነሣሁ ይገባችኋል። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. በደንጊ ተመትታለች፤ ትንኟ ያቺው ኤደስ ናት። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳይምታታ። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችውና ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሌላ ናት፤ እሷ የምታስተላልፈው ወባን ነው። የዮግያካርታው ዘዴ ለእሷ አልተሠራም። ከዮግያካርታ መውሰድ ያለብን ባልዲውን ሳይሆን ባልዲው ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን የደጅ ጥናት ዓመታት ነው።

የጃፓኖቹን በአጭሩ ልጥቀስ። በ2016 የኪዮቶ የቴክኖሎጂ ተቋምና የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕላስቲክ የምትበላ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አሳወቁ። እኛ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ያገኟት ሳካይ በምትባል ከተማ የጠርሙስ ማደሻ ግቢ ውስጥ ነው፤ 250 ናሙና አፈር፣ ደለልና ፍሳሽ ሰብስበው አንድ በአንድ ሲፈትሹ። ስስ ፕላስቲክ በስድስት ሳምንት ውስጥ ትጨርሳለች። ለቆሻሻ ክምራችን ፈጣን መድኃኒት አይደለችም፤ ግን መልሱን ቆሻሻው ውስጥ ገብተው መፈለጋቸው ደስ ይለኛል።

በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሱሱሙ ኪታጋዋ ናቸው። ብረታ ብረትንና የካርቦን ውሁዶችን አጋጥመው፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባዶ ክፍል የሞላበት ቁስ ሠሩ፤ በ1997 ጋዝ ገብቶ ሲወጣበት ሳይፈርስ እንደሚቆም አሳዩ። ዛሬ በዚህ ዓይነት ቁስ ከበረሃ አየር ውኃ ይጠመቃል። መጀመሪያ ላይ ግን የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ምን እንደሚጠቅም አልታያቸውም ነበር። ሰውየው በምርምር ዘመናቸው የያዙት አባባል ጥንታዊ የቻይና ጥበብ ነው፦ የማይጠቅመው ነገር ጥቅም አለው።

የማይጠቅም የተባለ ነገር። የአፍሪካ አረም፣ ቆሻሻ ላይ ያለ ተሕዋስ፣ ባዶ ክፍል።

አንድ ተማሪዬ ነበረ። ስሙንም ቦታውንም አልናገርም። ለሁለት ዓመት የተከታተለው የሙከራ ማሳ ነበረው፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሲሄድ ትራክተር አርሶት አገኘው። ቦታው ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ነው አሉት። ክፋት አልነበረበትም፤ ማንም እዚያ መሬት ላይ ምን እንዳለ አልጠየቀም እንጂ። ልጁ ያን ቀን ቢሮዬ መጥቶ ተቀመጠ፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ዩናን ላይ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ትራክተር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው አመራር የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃ አይደለም፣ መኪና አይደለም። ግማሽ ሄክታር ረግረግ መሬት፣ አምስት ዓመት የማይነካ፣ በጽሑፍ የተረጋገጠ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ኃላፊ ቢቀየርም፣ በጀት ቢያጥርም የማይታረስ። እዚያ የምንተክለው ከየረግረጉ የምንሰበስበውን የራሳችንን የዱር ሩዝ ነው። ረግረጎቹ በየዓመቱ እየጠበቡ ነው፤ አንዱ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ዝርያ አብሮ ይሄዳል። ከአህጉራችን የወጣ ሣር ለዩናን ገበሬ ወገብ እረፍት ሰጥቷል፤ እኛ ደጅ ያለውን ግን ገና ቆጥረን አልጨረስንም።

አርሶ አደሮች፣ ለእናንተም ልመና አለኝ። የዱር ሩዝ የት እንደሚበቅል ከማንኛችንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የትኛው ቶሎ እንደሚረግፍ፣ የትኛው ድርቅ እንደሚችል፣ ከብት የትኛውን እንደሚመርጥ። በየቀበሌያችሁ በምን ስም እንደምትጠሩት ንገሩን፤ በመዝገባችን ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ያ ስም ይሁን፣ የላቲኑ ከሥሩ ይከተል።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከዋናው በር ተነሥተን ወደ ወረታ እንሄዳለን። አውቶቡሱ ሠላሳ ሰው ይይዛል፤ አሥሩን ወንበር ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይዤላችኋለሁ። ቦት ጫማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም ኑ፣ በባዶ እግር እንገባለን። መዶሻና ማጭድ አያስፈልግም፤ እርሳስ፣ የወረቀት ከረጢትና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል።

አመሰግናለሁ።