ከመንፈሱ ሐሜቱ ይብሳል

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባሊ ነው። ባሊ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧ ሂንዱ ነው። እዚያ ሰው የሚኖረው ሁለት ዓለም አለ ብሎ ነው። የሚታየው «ሰካላ»፣ የማይታየው «ኒስካላ» ይባላል። ስለዚህ በየቀኑ በኮኮናት ቅጠል ላይ አበባ፣ ሩዝና ዕጣን ይቀርባል። ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ለአማልክቱ ነው። ክፉዎቹም እንዳያስቸግሩ ድርሻቸው መሬት ላይ ይቀመጥላቸዋል።

መንፈስ ሰው ላይ መውረዱ እዚያ ሁልጊዜ እንደ በሽታ አይታይም። የባሮንግና የራንግዳን ትርኢት እንውሰድ። ባሮንግ የመንደሩ ጠባቂ አውሬ ነው። ራንግዳ ደግሞ የጠንቋዮች ንግሥት ናት፤ ምላሷ ተዘርግፎ፣ ጥፍሯ ረዝሞ ትመጣለች። ጩቤ የያዙ ወንዶች ሲሮጡባት በአስማቷ ይፈዝዙና ጩቤውን በገዛ ደረታቸው ላይ ይጫኑታል። ዙሪያቸውን ግን ሰው ከቧቸዋል። አንዱ ጩቤውን ይቀማል፣ ሌላው የወደቀውን ይደግፋል። ከዚያ ጠበል ይረጫሉ። ጠበሉ የባሮንግ ጢም የተነከረበት ነው፤ ጢሙም የሰው ፀጉር ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። መንፈስ ያደረበት ሰው ብቻውን አይተውም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። «ሌያክ» የሚሉት አለ። ቀን ተራ ሰው ነው፣ ሌሊት እንስሳ ወይም የእሳት ነበልባል ሆኖ ይዞራል ይባላል። ጥርጣሬው ደግሞ ሩቅ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ላይ ነው የሚያርፈው።

የቻሎን አራንግን ታሪክ ስሙኝ። ነገሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ በጎረቤቷ ደሴት በጃቫ ንጉሥ በአይርላንጋ ዘመን ሆነ ይባላል። ቻሎን አራንግ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ራትና ማንጋሊ የምትባል ቆንጆ ልጅ አለቻት። እናቲቱ ጠንቋይ ናት ስለተባለ ግን ልጅቷን የሚጠይቃት ወንድ ጠፋ። እናት ተቆጣች፤ ዱርጋ የምትባለውን የሂንዱ አምላክ ለምና በአገሩ ላይ ወረርሽኝ አወረደች። የንጉሡ ወታደሮች አልቻሏትም። በመጨረሻ ጠቢቡ ምፑ ባራዳ ደቀ መዝሙሩን ላከ፤ ደቀ መዝሙሩም ልጅቷን አገባ። የአስማት መጽሐፏም በዚያው ተወሰደ፣ እሷም ተሸነፈች።

ሰው የሚያስታውሰው ወረርሽኙን ነው። እኔ ግን መጀመሪያው ላይ ነው የምቆመው። ወረርሽኙ ሳይመጣ ሐሜቱ ነበር። ልጅቷ ምን አጠፋች? እኛስ «ቡዳ ናቸው» ብለን ስንቱን የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጅ ከጋብቻ ገፋን?

ፍርሃቱ ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛን በሰንሰለት ወይም በግንድ ማሰር «ፓሱንግ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ታግዷል፣ አልጠፋም። ሕመሙ የአስማት ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ዘግይቶ ነው። በባሊ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ሉህ ክቱት ሱርያኒ እንዲህ የታሰሩትን ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ያውም የሕዝቡን እምነት ሳይንቁ። ይህን አካሄዳቸውን በጣም አከብራለሁ።

ሕግም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የጸደቀው የኢንዶኔዥያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 252 «በአስማት ሰው መጉዳት እችላለሁ» ብሎ አገልግሎት የሚያቀርበውን እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያሳስራል። አንዱ ዓላማው ሕዝቡ በራሱ ፍርድ እንዳይሰጥ ነው። ጥሩ ነው። ግን ይህ አንቀጽ «እችላለሁ» ያለውን ነው የሚያየው። ምንም ሳትል «እሷ ናት» የተባለችውን አሮጊት አያነሳትም። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ እሷ ነው።

አመሰግናለሁ።