አንድ ማርሽ፣ ብዙ ዳገት፦ ለብረት ተራራ ብስክሌት የጥርስ አመራረጥ

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ማርሽ መቀየሪያ ስለሌለው፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ስፕሮኬት፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ክብ፣ ብቻ ስላለው የብረት ተራራ ብስክሌት ነው። እንዲህ ያለውን ለመሥራት የተነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ያው ነው፦ ስንት በስንት ላድርገው? ከዚያው እንጀምር።

እሱ፦ እሺ። እኔ ይህን ስጠየቅ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጎማህ ስንት ኢንች ነው? ብስክሌትህን ይዘህ በወጣህ ቁጥር የማይቀርልህ ዳገት የትኛው ነው? በዓመት አንዴ የሚያጋጥመውን አይደለም የምለው፤ ዘወትር የሚወጣውን ነው። ማርሹ የሚመረጠው ለዚያ ዳገት ነው። ለሜዳው አይደለም፣ ለቁልቁለቱም አይደለም።

እሷ፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንከራከራለን፤ ለጊዜው ይቆየን። መጀመሪያ ስሌቱን አስረዳ።

እሱ፦ የፊቱን ጥርስ ለኋላው ማካፈል ነው። ከፊት 32፣ ከኋላ 16 ከሆነ 2 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ይዞራል። 32 በ20 ከሆነ 1.6 ነው። ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ዳገቱ ይቀላል፤ ሜዳ ላይ ግን እግርሽ ብዙ ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ብዙም አይሄድልሽም። በ26 ኢንች ጎማ ዘመን 32 በ16 የተለመደ መነሻ ነበር። ያንኑ ወስዶ 29 ኢንች ላይ የሚገጥም ሰው ግን ጉልበቱን ይጎዳል።

እሷ፦ ጎማው ትልቅ ስለሆነ።

እሱ፦ አዎ። የጎማው ትልቀት ራሱ ማርሹን ያከብደዋል። ስለዚህ ያካፈልሽውን በጎማው ኢንች ታባዢዋለሽ። 26 ላይ 32 በ18 ብታደርጊ 46 ኢንች ገደማ ይመጣል። 27.5 ላይ 32 በ19፣ ያው 46። 29 ላይ 32 በ20፣ አሁንም 46። ሦስቱም ለእግር አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው። "ጓደኛዬ 32 በ18 ነው የሚነዳው" ብሎ ያንኑ የሚገዛ ሰው የጓደኛውን ጎማ ካላየ ተሳስቷል።

እሷ፦ እኔ ከኢንቹ ይልቅ ሜትሩ ይገባኛል። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ስንት ሜትር ትሄዳለህ?

እሱ፦ የ29 ጎማ ዙሪያው 2.3 ሜትር ገደማ ነው። በ32 በ20 አንድ የፔዳል ዙር 3.7 ሜትር ያስኬድሻል፤ በ32 በ18 ደግሞ 4.1። በደቂቃ 90 ዙር ብትመቺ የመጀመሪያው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 22 ኪሎ ሜትር ነው የሚሰጥሽ።

እሷ፦ እንግዲህ እኔ የምነዳው በ29 ጎማ 32 በ18 ነው፤ ቀላል አይደለም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ግን ምክንያት አለኝ። አንድ ማርሽ ብቻ ሲኖርህ ዳገቱን የምትወጣው ከግርጌው ጀምረህ ሳይሆን ከግርጌው በፊት ነው። ፍጥነት ይዘህ ትገባለህ፤ የመጀመሪያውን 20 እና 30 ሜትር ያ ፍጥነት ራሱ ይወስድልሃል። ማርሹ በጣም ከቀለለ ያንን ፍጥነት ማምጣት አትችልም፤ እግርህ ሜዳው ላይ እየተሽከረከረ ያልቅበታል።

እሱ፦ ለአጭር ዳገት ልክ ነሽ። ተነስቶ የሚወድቅ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ መሬት ላይ ከሆነ እኔም ከበድ ያለውን እመርጣለሁ። ረጅሙ ዳገት ላይ ግን ይዘሽው የመጣሽው ፍጥነት ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት ብቻ ነው። ላስላልሽ። ነጂው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 12 ኪሎ ይሁን። ዳገቱ 15 በመቶ፣ መንገዱ አፈር። በ32 በ20፣ በ175 ሚሊ ሜትር ክራንክ፣ ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ ማለቴ ነው፣ ፔዳሉ ላይ በአማካይ 50 ኪሎ የሚያህል ግፊት ያስፈልጋል። አማካይ ነው እንግዲህ! ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ፣ አግድም ሲሆን፣ ግፊቱ ከ75 ኪሎ ያልፋል።

እሷ፦ ማለት ከራሱ ክብደት በላይ።

እሱ፦ ከራሱ ክብደት በላይ። ፔዳሉ ላይ ቢቆምበት እንኳ አይበቃውም፤ መሪውን በእጁ ወደ ላይ መሳብ አለበት። አንድ ማርሽ የሚነዱ ሰዎች ሰፊ መሪ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ሰፊው ለመሳብ ይመቻል። አሁን ያንኑ ዳገት በአንቺ 32 በ18 አስቢው፤ አማካዩ ወደ 55 ኪሎ ይወጣል። አምስት ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በእያንዳንዱ ዙር ነው የምትከፍዪው።

እሷ፦ ገባኝ። እኔ ግን እንዲህ ያለው ላይ ስደርስ ወርጄ እገፋለሁ። አላፍርም። ወርጄ ስገፋ ብስክሌት ላይ ካሉት ብዙም አልርቅም፤ 30 ዙር በደቂቃ እየመታ የሚወጣ ሰው በሰዓት 6 እና 7 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። መግፋት የዚህ አነዳድ አካል ነው፤ ማርሽ ሲመረጥ አብሮ መታሰብ አለበት። የቱን ዳገት እነዳለሁ፣ የቱን እገፋለሁ ብሎ መወሰን ነው ነገሩ።

እሱ፦ በዚህ ተስማምተናል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ግን አንቺን እንዳይሰሙ። ከባድ ማርሽ በዝግታ መርገጥ የጉልበት ጠር ነው። ለጀማሪ በ29 ጎማ 32 በ20 ብዬ ነው የምጀምረው፤ ከጠነከረ ወደ 19፣ ከዚያ ወደ 18 ይወርዳል።

እሷ፦ አንድ ጥርስ ያን ያህል ይለያያል?

እሱ፦ ከኋላ አንድ ጥርስ መቀየር ወደ 5 በመቶ ነው፤ እግር በደንብ ይለየዋል። ከፊት አንድ ጥርስ ግን 3 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው 32 ይቀመጥ፤ የምትሞክሪው ከኋላ ነው። የኋላው ርካሽም ነው፣ ለመቀየርም ይቀላል። በነገራችን ላይ የክራንኩ ርዝመትም ይገባበታል፤ ከ170 ወደ 175 ብትሄጂ ማንሻው በ3 በመቶ ይረዝማል። ይህንን ሁሉ በአንድ ቁጥር ለማስላት በ2008 ያረፈው አሜሪካዊው መካኒክ ሼልደን ብራውን "ጌን ሬሾ" የሚል ስሌት አስተዋውቋል፤ የጎማውን ራዲየስ ለክራንኩ ርዝመት ታካፍያለሽ፣ በጥርሱ ሬሾ ታባዢያለሽ። ክራንክ ለሚቀያይር ሰው ከኢንቹ የተሻለ ነው።

እሷ፦ ስፕሮኬት ከመግዛት በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፤ ባለብዙ ማርሽ ብስክሌት ያለው ሰው በእሱ ይሞክር። ከኋላ ያሉትን ጥርሶች ቆጥሮ ከ1.6 ጋር የሚቀራረበውን ይያዝና የዘወትር መንገዱን ሙሉውን በዚያው ይንዳው፤ መቀየሪያውን ሳይነካ። ቤት ሲደርስ መልሱን ያውቀዋል። ከየትኛውም ስሌት ይበልጣል።

እሱ፦ በጣም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ከብዶ ነው የሚታየው፣ ካቴናው መቀየሪያው ውስጥ ተጠማዞ ስለሚያልፍ። ቀጥ ያለ ካቴና ላይ ትንሽ ይቀላል።

እሷ፦ ወደ ብረቱ እንምጣ። ለምን ብረት?

እሱ፦ ብረት ያስተካክሉታል። ይሄ ነው ዋናው። አሮጌ የክሮሞሊ፣ ማለትም ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት፣ ፍሬም ወስደሽ የማይፈለገውን የገመድ መያዣ መቁረጥ፣ የኋላው ጎማ ፔርኖ የሚገባበትን አዲስ መቀመጫ ማስበየድ፣ የኋላው ጎማ የሚገባበትን ስፋት ከ130 ወደ 135 ሚሊ ሜትር በጥንቃቄ መክፈት ይቻላል። ሲከፈት ግን ግራና ቀኙ እኩል 2.5 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት፤ ከዚያም መቀመጫዎቹ ትይዩ መሆናቸው መታየት አለበት። አሉሚኒየምና ካርቦን ላይ ይህንን አትሞክሩት፤ ይሰነጠቃል።

እሷ፦ የፔርኖው መቀመጫ ምን ዓይነት ቢሆን ነው የሚሻለው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው።

እሱ፦ ምክንያቱም መቀየሪያው ሲነሳ ካቴናውን የሚወጥረው ነገር አብሮ ይነሳል። ሌላ መወጠሪያ ያስፈልጋል። ፔርኖው ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበት አግድም ክፍተት ያለው ፍሬም ከሆነ ተገላገልሽ፤ ጎማውን ወደ ኋላ ስበሽ ዳዶውን ታጠብቂያለሽ። መቀመጫው ራሱ በብሎን የሚንሸራተትበትም አለ፤ የዲስክ ፍሬን ካለ እሱ ይመረጣል፣ የፍሬኑ መያዣ ከመቀመጫው ጋር አብሮ ስለሚሄድ። ክራንኩ የሚዞርበት ፔርኖ ከመሃል ወጣ ብሎ የተሠራበትም አለ፤ እዚያ የኋላውን ጎማ ጭራሽ አትነኪውም። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚከፈት መቀመጫ ያለው ፍሬም ግን በስፕሪንግ የሚሠራ መወጠሪያ ያስፈልገዋል። ካቴናውን ወደ ታች ከሚገፋው ይልቅ ወደ ላይ የሚገፋውን እመርጣለሁ፤ ካቴናው ብዙ የኋላ ጥርሶችን ያቅፋል፣ አይዘልም።

እሷ፦ አግድም ክፍተት ላይ ዳገት ስትረግጠው ጎማው ወደ አንድ ጎን ይሳባል እኮ።

እሱ፦ ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ ቀኙን ወደፊት ይጎትተዋል፤ ጎማው ግራውን የፍሬም ቱቦ ይነካል። መድኃኒቱ ፔርኖውን ወደ ኋላ የሚይዝ ትንሽ መጎተቻ ብሎን ነው። ዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላም ጥርስ ያለው ቢሆን ብረቱን ይነክሳል፤ የብረት መቀመጫ እዚህ ላይ ከአሉሚኒየም ይሻላል።

እሷ፦ ውጥረቱን እንዴት ነው የምታየው? ይህን በደንብ ንገራቸው።

እሱ፦ ብስክሌቱን ገልብጪው ወይም ስቀዪው። ክራንኩን በቀስታ በእጅሽ አዙሪ፣ ሌላው እጅሽ ካቴናው መሃል ላይ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይላላል። የፊት ስፕሮኬት ፍጹም ክብ ሆኖ አይቀመጥም፤ ለዚህ ነው። የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጊና ውጥረቱን እዚያ ላይ አስተካክዪ፤ በጣት ስትጫኚው ወደ 1 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ላልቶ በተገኘበት ቦታ ያጠበቀ ሰው የሚጠብቀው ቦታ ላይ ኩሽኔታውን ይፈጨዋል። ልዩነቱ በጣም ከበዛ የፊት ስፕሮኬቱን ብሎኖች ትንሽ አላልተሽ ወደ መሃል መታ መታ አድርጊው፣ እንደገና አጥብቂ።

እሷ፦ እንዲህ የተስተካከለ ብስክሌት ዝም ይላል። ድምፅ የለውም። እኔ አንድ ማርሽ የወደድኩት በዚህ ነው።

እሱ፦ ዝም የሚለው ደግሞ ካቴናው ቀጥ ካለ ነው። ከፊትና ከኋላ ያሉት ጥርሶች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። የካሴት ሞዞ፣ ማለትም ብዙ የኋላ ስፕሮኬት የሚደረደርበት፣ ካለሽ ቀላል ነው፤ ስፔሰሮቹን፣ ስፕሮኬቱን ከጎን የሚይዙትን ቀለበቶች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዛወርሽ ታስተካክያለሽ። ከካሴት ላይ የተነቀለ ስፕሮኬት ግን አትጠቀሙ። ጥርሱ ካቴናው በቀላሉ እንዲለቅ ተብሎ አጥሮና ተዛብቶ የተሠራ ነው፤ እኛ የምንፈልገው እንዳይለቅ ነው። ለአንድ ማርሽ የተሠራው ጥርሱ ረጅም ነው፣ ሥሩም ሰፊ ነው። ሥሩ ቀጭን የሆነው በአሉሚኒየም ሞዞ ላይ ዳገት ሲረገጥ ሞዞውን እየነከሰ ይገባል፤ በኋላ ለማውጣት መዶሻ ይፈልጋል።

እሷ፦ አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። በሳምንቱ ውስጥ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቅዳሜ ተራራ ነው። ለሁለቱም አንድ ማርሽ ይበቃል?

እሱ፦ አይበቃም፤ ግን መላ አለው። የኋላው አንድ ጥርስ ሲጨምር ፔርኖው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይመጣል። ከ18 ወደ 20 ብትሄጂ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክፍተትሽ ያንን ከቻለ ካቴናው ሳይቆረጥ ሁለት ስፕሮኬት ይዘሽ መቀያየር ትችያለሽ። የተሻለው መላ ግን ድምሩን ማየት ነው። 32 እና 20 ሲደመር 52። 34 እና 18 ሲደመርም 52። ድምሩ እኩል ከሆነ ካቴናውም ፔርኖውም ባሉበት ይቀመጣሉ ማለት ይቻላል። ሁለቱን ከፊት ጎን ለጎን፣ ሁለቱን ከኋላ ጎን ለጎን ታስሪያለሽ፤ ለሜዳ ካቴናውን በእጅሽ 34 በ18 ላይ፣ ለተራራ 32 በ20 ላይ ታስቀምጪዋለሽ።

እሷ፦ በእጅ።

እሱ፦ ወርደሽ፣ ዳዶውን ላላ አድርገሽ፣ በእጅሽ። ከ1.9 ገደማ ወደ 1.6 ነው የምትወርጂው፤ በደንብ ይለያያል። ሁለቱም ጥንዶች ግን ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆናቸውን በስፔሰር አስተካክዪ፤ ትልቁ የፊት ስፕሮኬት ከትንሹ የኋላው ፊት ለፊት መሆን አለበት።

እሷ፦ እኔ በቅዳሜው 20 እሞክራለሁ።

እሱ፦ ካቴናውን ከመቁረጥሽ በፊት በ20ው ለክተሽ ቁረጪ። ለ18 የተለካ ካቴና 20 ላይ ሊያጥር ይችላል፤ ለ20 የተለካው ግን ለ18 ፔርኖውን ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነው።