የጮኸችው ማን ናት?
(ለደብራችን የምእመናን ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር፣ ደሴ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰበካ ጉባኤው «በአእምሮ ሕክምና ነርስ ነሽና ስለ አእምሮ ጤና ትንሽ ንገሪን» ብሎኛል። ስለ ድብርቱም ስለ ሱሱም ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ ሆዴ ውስጥ የከረመውን ልናገር።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ እዚህ ከተማ የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያሻኝም። ግማሻችን ልጅ አዝለን በኮምቦልቻ ወጣን፤ ግማሻችን በር ዘግተን ቀረን። በዓመቱ ጥቅምት መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነት ለማቆም ተፈራረሙ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውንም ታውቁታላችሁ። እንቅልፋችን ግን እንደሄደ ቀረ።

አንዲት ልጅ አለች። እንዳትታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀያይሬዋለሁ፤ እንድናገር እሷም እናቷም ፈቅደውልኛል። በዚያ ሰሞን ሌሊት በራቸው ተሰብሮ ታጣቂዎች ገቡ። የሆነባትን አልናገርም። ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮው በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። ሽሮ ጥዳ እዚያው ፈዛ ትቀራለች፤ ወጡ አርሮ ቤቱ በጢስ ሲሞላ እንኳ አትሰማም። ሠርግም ለቅሶም ተወች። አንዱ ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፣ ሌላው «መተት ነው» አለ። እናት ምን ታድርግ? ጠበል ወሰደቻት።

ጠበል መውሰዷን አልነቅፍም። እኔም ጠበልተኛ ነኝ፤ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የምወጣ ሰው ነኝ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ የማታውቃቸው ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ እጇን ጠምዝዘው እየጎተቱ አስገቧት። ሦስተኛው ከኋላ አንገቷን ያዘ። «ልቀቁኝ! አትግደሉኝ!» ብላ ጮኸች። አጥማቂው በመቁጠሪያ እየመታ «ስምህን ተናገር! ከየት ያዝካት?» ይላል። እሷ ስትጮህ ከበው የቆሙት እልል አሉ። መንፈሱ ተጋለጠ ተባለ።

ወገኖቼ! በጨለማ ወንዶች በር ሰብረው የያዟት ልጅ፣ በጨለማ ወንዶች ሲይዟት ብትጮህ፣ የጮኸው ጋኔን ነው? እሷ ናት የጮኸችው! ያንን ሌሊት ነው ዳግም ያሳለፏት! በእግዚአብሔር ቤት! በእልልታ!

ክፉ ነገር ያየ ሰውነት አደጋው ማለፉን ቶሎ አያምንም። ድምፅ፣ ሽታ፣ የእጅ አያያዝ ይበቃዋል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ያለፈው አሁን እየሆነ ይመስላል። ራሱን ስቶ የሚወድቅም አለ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነው። ኤልዛቤል ስትዝትበት ግን በረሃ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለመነ። መልአኩ «እምነትህ የታለ?» አላለውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ኤልያስን ማን ገረፈው?

ደግሞ የምትወስደውን የሐኪም ኪኒን «ጣዪው» አሏት። ጣለችው፣ ባሰባት። ይህን የሚሉ ሰዎች መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ላይ ይክፈቱት፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይም እንደማይንቀው ተጽፏል። የኤችአይቪ ሕመምተኞች እንጦጦ ማርያም ጠበል ይጎርፉ በነበረበት ጊዜም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። ታዲያ እኛ ከማን ሰምተን ነው?

የሞያ ባልደረቦቼም አይመጻደቁ። ይህችው ልጅ ሕክምና ስትመጣ አንገቷ ላይ ክታብ ያየ ባለሙያ ሳቀባት። ለወራት ተመልሳ አልመጣችም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዘንድ በሩቅያ፣ ማለትም ቁርኣን እየቀሩ በማከም ስም የሚደበደብ አለ ይባላል፤ እሱን ለኢማሞቻቸው እተዋለሁ።

እምነት የሚያድነውንም አይቻለሁ። ልጁ የት እንደወደቀ ያላወቀ፣ አስከሬን ያላገኘ ስንት ቤት አለ! ፍትሐት ተደርጎ፣ አርባው ወጥቶ፣ ተዝካሩ ተበልቶ እህል የቀመሰች እናት አውቃለሁ። ያንን እኔ በኪኒን አላመጣውም።

ልጅቷ አሁን ንስሐ አባቷ ይዘዋታል። ጠዋት ጠበሏን ትጠጣለች፣ ማታ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ በየሳምንቱ ከእኛ ጋር ትነጋገራለች። በር ሲንኳኳ ዛሬም ትደነግጣለች፤ አልጋ ሥር መግባቱን ግን ትታለች።

አስተዳዳሪያችንን የምለምነው ብዙ አይደለም። ሴትን ሴት ትያዝ። የፈራ ሰው አይጎተት፤ ነግቶ በእግሩ ይግባ። ሕመምተኛ የሚታሰርበት ያ ሰንሰለት ከጠበሉ ቤት ይውጣ። አጥማቂዎቻችን ለዛሬው ጉባኤ ተጠርተው ነበር፤ አንዳቸውም አልመጡም። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እጠብቃቸዋለሁ። አባታችን፣ እንዲመጡ ይዘዙልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።